ሌዋታን፦ የተቀጠቀጠው፣ የሚጫወተውና ያልተነካው

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለሚገኘው የባሕር አውሬ ስለ ሌዋታን የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ «አዞ ነው» ይላል፣ ወይ «ሰይጣን ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች የቆየ ታሪክ አላቸው፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ጥያቄውን ቶሎ ለመዝጋት የሚመቹ ይመስሉኛል። ስሙ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን የሚገኘው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው፦ በመጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 3 እና በምዕራፍ 41፣ በመዝሙረ ዳዊት በግዕዙ አቆጣጠር በ73ኛውና በ103ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ 74 እና 104)፣ በትንቢተ ኢሳይያስ 27፥1 ደግሞ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ። የሚገርመው እነዚህ ጥቂት ቦታዎች እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ መሆናቸው ነው። በአንዱ መዝሙር ሌዋታን እግዚአብሔር ራሶቹን የቀጠቀጠው ጠላት ነው፤ በሌላው መዝሙር በባሕር ውስጥ እንዲጫወት የተፈጠረ ፍጥረት ነው፤ በኢሳይያስ ገና ወደፊት በሰይፍ የሚመታ እባብ ነው፤ በኢዮብ ደግሞ ማንም ያልደፈረው ንጉሥ ነው። ጥንት የተቀጠቀጠ አውሬ እንዴት ተመልሶ ይጫወታል? የተጫወተውስ ለምን ገና ይገደላል? የአውሬውን ትርጉም የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት እነዚህን ቦታዎች በግድ በማስታረቅ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ርቀት በመከተል ይመስለኛል።

ታሪኩ ከእስራኤል በፊት ይጀምራል። በሶርያ የሜዲትራኒያን ጠረፍ፣ ከላታኪያ ወደብ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ራስ ሻምራ የሚባል ጉብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 በአቅራቢያው መሬት ያርስ የነበረ ገበሬ ከጥንታዊ መቃብር ጋር ተገናኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክሎድ ሼፈር የተባለው ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ቁፋሮ ጀመረ፤ ከጉብታውም ሥር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የጠፋችው የኡጋሪት ከተማ ወጣች። ከፍርስራሹ የተገኙት የጭቃ ሰሌዳዎች ሠላሳ ምልክቶች ባሉት የሽብልቅ ቅርጽ ፊደል የተጻፉ ነበሩ፤ ፊደሉ በ1930 በሃንስ ባወር፣ በኤድዋር ዶርምና በሻርል ቪሮሎ ጥረት ሲፈታ ቋንቋው ሴማዊ፣ ለዕብራይስጥ ቅርብ፣ ለግዕዝም የሩቅ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ከሰሌዳዎቹ መካከል ስድስቱ የዝናቡንና የነጎድጓዱን አምላክ የበዓልን ታሪክ ይይዛሉ። በዓል በመጀመሪያ ያም ከተባለው ጋር ይዋጋል፤ ያም ማለት ባሕር ነው። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው ሞት የተባለው ነው፤ ስሙ እንደ እኛው ቃል ሞት ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ አስተርጓሚ አያሻውም። ሞት ለበዓል የላከው መልእክት የሚጀምረው የቆየ ድሉን በማስታወስ ነው፦ ሊታንን ፈጣኑን እባብ በመታህ ጊዜ፣ ጠማማውን እባብ በጨረስህ ጊዜ፣ ሰባት ራስ ያለውን ብርቱውን በገደልህ ጊዜ፣ ይላል። ሊታን በኡጋሪት ቋንቋ የሌዋታን ስም ነው። አሁን ኢሳይያስ 27፥1ን አጠገቡ አስቀምጡት። ነቢዩ ሌዋታንን የሚጠራው በእነዚሁ ሁለት መጠሪያዎች፣ ፈጣኑ እባብና ጠማማው እባብ እያለ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ለእባቡ «ፈጣን» እና «ጠማማ» የሚሉት ቅጽሎችም በኡጋሪቱ ሰሌዳ ካሉት ጋር ተመሳሳይ ሥር ያላቸው ናቸው። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት አለ፤ ኡጋሪት በጠፋችበት ጊዜ በእስራኤል ገና ንጉሥ አልነገሠም። ስለዚህ ነቢዩ ሰሌዳውን አነበበ ማለት አይቻልም። የሚቻለው በከነዓን ምድር ገጣሚውም ገበሬውም የሚያውቀው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ የአውሬ ስምና የአውሬ ውዳሴ ነበረ ማለት ነው።

ሰባት ራስ ያለው አውሬ ከዚያም በላይ ያረጀ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ፣ ተል አስማር በተባለው ስፍራ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ገደማ የተቀረጸ የማኅተም ድንጋይ አለ፤ በላዩ ላይ አማልክት ሰባት ራስ ያለውን ዘንዶ ሲወጉ ይታያል። ቀራጩ ውጊያውን ከመሃል ነው የያዘው፦ የአውሬው አንዳንዶቹ ራሶች ሞተው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ ሌሎቹ ገና ቀና ብለው ይናደፋሉ፣ ከጀርባው የእሳት ነበልባል ወደ ላይ ይወጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ጉንክል በ1895 የመጽሐፍ ቅዱሱን የባሕር አውሬ ከባቢሎናዊቷ የባሕር አምላክ ከቲያማት ጋር አያይዞ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ኡጋሪት ከወጣች በኋላ ግን የቅርቡ ምንጭ ከነዓን መሆኑ ግልጽ ሆነ። ባቢሎን የአክስት ልጅ ናት ቢባል ይቀላል።

የአካባቢው ሰዎች ባሕርን ለምን እንዲህ ፈሩት የሚለው ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይደለም። በዚያ ጠረፍ በክረምት ማዕበሉ መርከብ ያስራል፤ ዝናቡም የሚመጣው ከዚያው ባሕር ላይ ነው። እህል የሚበቅለው በዓል ሲያሸንፍ ነው የሚል ሕዝብ ለባሕሩ ጥርስና ራስ ቢሰጠው አይፈረድበትም።

ወደ 73ኛው መዝሙር እንምጣ። መዝሙሩ ለቅሶ ነው፤ ጠላት በመጥረቢያና በመዶሻ የመቅደሱን ጌጥ ሰብሮ፣ መቅደሱንም በእሳት አቃጥሎ ሄዷል፤ ነቢይ የለም፣ መከራው እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅም የለም። በዚህ መካከል ዘማሪው በድንገት ወደ ጥንት ዞሮ እግዚአብሔርን በሥራው ያሳስበዋል፦ ባሕርን በኃይልህ ከፍለሃል፣ በውኃ ውስጥ የእባቦችን ራስ ሰብረሃል፣ የሌዋታንን ራሶች ቀጥቅጠሃል ይለዋል። ራሶቹ ብዙ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ቁጥራቸው ባይነገርም የኡጋሪትን ሰሌዳ ያየ ሰው ይገምተዋል። ወዲያው ቀጥሎ ቀኑ የአንተ ነው፣ ሌሊቱም የአንተ ነው፣ ፀሐይን አንተ አዘጋጀህ፣ የምድርን ዳርቻ አንተ ሠራህ ይላል። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን የኤርትራ ባሕር መከፈል፣ ዘንዶውንም ፈርዖን አድርገው ይወስዱታል፤ ያም ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ነገር ግን የቀንና የሌሊት፣ የበጋና የክረምት መደንገግ ተከትሎ ሲመጣ ዘማሪው ከሙሴም በፊት ስላለው የዓለም መጀመሪያ ጭምር እየተናገረ መሆኑ አይሰወርም። የበዓልን ድል ወስዶ ለእስራኤል አምላክ ሰጥቶታል፤ ያደረገውም መቅደሱ አመድ ሆኖ ባለበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ እኛን በስም የሚጠራ ነገር አለ። በዕብራይስጡ የሌዋታን ሬሳ መብል ሆኖ የሚሰጠው ለበረሃ ነዋሪዎች ነው፤ ይህ ሰው ይሁን የበረሃ አራዊት ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም። መዝሙሩን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሰዎች ግን በዚያ ቦታ «ለኢትዮጵያ ሕዝቦች» ብለው ጻፉ። የግዕዙ መዝሙር የተቀዳው ከግሪክኛው ስለሆነ፣ «ወወሀብኮሙ ሲሳዮሙ ለሕዝበ ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ከዚያ መጣ፤ በአማርኛውም ለኢትዮጵያ ሰዎች ምግባቸውን ሰጠሃቸው ተብሎ ይነበባል። ግሪክኛው አውሬውን ራሱን ምግብ አድርጎ እንደሰጠ በግልጽ ሲናገር፣ ግዕዙ «ምግባቸውን» ብሎ ስላለፈው፣ ጥቅሱ ብቻውን ተነሥቶ ሲጠቀስ የምሰማው ስለ በረከትና ስለ ሲሳይ ነው፤ ሳህኑ ላይ የቀረበው ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ መሆኑን የሚያነሣ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ግሪክኛው በተጨማሪ ሌዋታን የሚለውን ስም ትቶ «ድራጎን» ስላለ፣ ዳዊት የሚደግም ምእመን አውሬውን በ73ኛውም በ103ኛውም መዝሙር እየተገናኘው ስሙን ሳይሰማ ያልፋል። አውግስጢኖስ ይህንኑ ጥቅስ ሲተረጉም ኢትዮጵያውያን የሚለውን አሕዛብ ሁሉ አድርጎ ወስዶታል፤ ዘንዶውን መብላትም የሰይጣን አካል የነበሩት ወደ ክርስቶስ አካል መግባታቸው ነው ብሏል። እንዲህ ያለ ትርጓሜ ለዛሬ ሰው ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ግን ቢያንስ ሬሳውን ከማዕዱ አላነሣውም።

በ103ኛው መዝሙር አየሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ይህ የፍጥረት ምስጋና ነው፦ ምንጮች በሸለቆ ይፈስሳሉ፣ የሜዳ አህዮች ይጠጣሉ፣ ሽመላ ቤቷን ትሠራለች፣ አንበሳ በሌሊት ይጮኻል፣ ሰው ሲነጋ ወደ ሥራው ይወጣል። ከዚያ ባሕሩ ይመጣል፤ ሰፊና ትልቅ፣ ቁጥር የሌለው ተንቀሳቃሽ የሞላበት፣ መርከቦች የሚመላለሱበት። ሌዋታንም እዚያ አለ፣ ይጫወታል። የዕብራይስጡ ሰዋስው ሁለት ነገር ይፈቅዳል፦ አውሬው በባሕሩ ውስጥ ይጫወታል፣ ወይም እግዚአብሔር ከአውሬው ጋር ይጫወታል። የታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ መድበል፣ ሊቃውንት ሁለተኛውን ይዘው፣ እግዚአብሔር ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓታት የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከሌዋታን ጋር ሲጫወት ያሳልፋል ብለዋል። ይህን ቃል ያሰበ ሰው ደፋር ነበር እላለሁ። ኦሪት ዘፍጥረትም በምዕራፍ አንድ ታላላቆቹን አንበሪዎች በአምስተኛው ቀን ከዓሦች ጋር ተፈጥረው፣ መልካም እንደሆኑ ታይተው፣ ተባርከው እንዲበዙ ሲያደርግ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ውጊያ የለም፣ ሰይፍ የለም፣ ተቀናቃኝ የለም። በኡጋሪት ከአማልክት ጋር እኩል የተዋጋው ኃይል እዚህ እንደ ሽመላዋ ቀለቡን በጊዜው የሚጠብቅ ፍጥረት ሆኗል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ሌዋታን ከተነገረው ሁሉ ትልቁ እርምጃ ይህ ይመስለኛል፤ አውሬው የተሸነፈው በመገደል ሳይሆን በመፈጠር ነው።

ታዲያ ኢሳይያስ ለምን ሰይፉን እንደገና ይመዝዛል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ነቢዩ የሚናገረው መንግሥታት ሕዝቡን ሲውጡ እያየ ነው፤ የዓለም መጀመሪያ ድል አለቀ ተብሎ ቢዘመርም በመሬት ላይ አላለቀም። ስለዚህ ውጊያውን ከጥንት ወደ «በዚያ ቀን» ያዛውረዋል። የዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 12 ሰባት ራስ ያለውን ቀይ ዘንዶ ሲያሳይና በምዕራፍ 21 ባሕር ከእንግዲህ ወዲህ የለም ሲል የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ከመጽሐፈ ሄኖክ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል፤ ምክንያቱም እዚህ የምናወራው በእኛ ብራና ብቻ ስለተረፈ ምስክርነት ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የኩምራን ዋሻዎች ከሄኖክ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች ቢገኙም፣ ምሳሌዎች የሚባለው ክፍል፣ ማለትም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ከመካከላቸው የለም፤ ያ ክፍል ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። በምዕራፍ 60 ሁለት አራዊት በአንድ ቀን ይለያያሉ። ሌዋታን የተባለችው ሴቲቱ ከውኃ ምንጮች በላይ በባሕር ጥልቅ ትኖራለች፤ ብሔሞት የተባለው ወንዱ ጻድቃን ከሚኖሩበት ገነት በስተ ምሥራቅ ያለውን ባዶ ምድረ በዳ በደረቱ ይይዘዋል። ባለ ራእዩ ስለ አራዊቱ ኃይልና በአንድ ቀን እንዴት እንደተለያዩ መልአኩን ሲጠይቀው፣ መልአኩ ስውር የሆነውን ልታውቅ ትሻለህ ብሎ ይጀምርና ስለ ነፋሳት ሚዛን፣ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ውርጭና ስለ ዝናብ መዛግብት ያብራራለታል። የአውሬው ጥያቄ ወደ አየር ጠባይ ትምህርት መዞሩ ያስገርማል፤ በዓል የዝናብ አምላክ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ግን አይደነቅም።

በቀኖናችን የሚገኘው ዕዝራ ሱቱኤልም ሁለቱን ያነሣል። እንደ እርሱ አገላለጽ ሁለቱ በአምስተኛው ቀን ተፈጥረው የተለያዩት ውኃው የተሰበሰበበት ሰባተኛው የምድር ክፍል ሁለቱንም ሊይዝ ስላልቻለ ነው፤ ብሔሞት ሺህ ተራሮች ያሉበትን የብስ ወሰደ፣ ሌዋታን እርጥቡን ክፍል ወሰደ፣ ሁለቱም እግዚአብሔር ለወደደው፣ በወደደውም ጊዜ ምግብ ሊሆኑ ተጠብቀዋል። ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከፈረሰች በኋላ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ መቅደስ ሲፈርስ ሌዋታን ሲጠቀስ እንግዲህ ሁለተኛ ጊዜው ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ማዕዱን ይበልጥ አስፋፍተውታል። በታልሙድ ባባ ባትራ በሚባለው ክፍል እንደተጻፈው እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው፤ ቢዋለዱ ዓለምን ስለሚያጠፉ ወንዱን ሰለበው፣ ሴቲቱን ገድሎ ለሚመጣው ዓለም ለጻድቃን በጨው አቆያት፤ ከቆዳውም ለጻድቃን ዳስ ይሠራል። በሚላኖ አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ማዕድ በሥዕል ያሳያል፤ ጻድቃኑ ዘውድ ደፍተው በገበታ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ግን የአራዊትና የአዕዋፍ ፊት ነው፣ ሌዋታንም ከላያቸው እንደ ዓሣ ተጠምዝዞ ተስሏል።

የምዕራቡን የኋላ ታሪክ ባጭሩ ማለፍ እመርጣለሁ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሮሙ ጎርጎርዮስ መጽሐፈ ኢዮብን ሲተረጉም ሌዋታን ሰይጣን፣ መንጠቆው የክርስቶስ መለኮት፣ በመንጠቆው ላይ ያለው ማጥመጃ ሥጋው ነው አለ፤ የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎችም ይህን ቃል በቃል ሣሉት። በ1651 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ስሙን ለመንግሥት ሰጠው፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ትልቅ ኃይል ከሌለ ጎረቤት ጎረቤቱን ይበላል ባይ ነበርና።

ሁለቱም የተነሡት ከኢዮብ 41 ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ምዕራፍ እርሱ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆየሁት። በ1663 ሳሙኤል ቦሻር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ሌዋታን አዞ፣ ብሔሞትም ጉማሬ ነው ብሎ ካስተማረ ወዲህ ይህ ሐሳብ በብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ ማስታወሻዎች ሥር ሰድዷል። ቅርፊቱ፣ ጥርሱ፣ በጭቃ ላይ የሚተወው ፋና በእርግጥ ከአዞ የተቀዳ ይመስላል፤ በአርባ ምንጭ የጫሞን ሐይቅ የአዞ ገበያ ያየ ሰው፣ ገጣሚው ሥሩ እንደ ስለታም ገል ነው፣ በጭቃ ላይ እንደ መውቂያ ይዘረጋል ሲል ምን እንዳየ ይገባዋል። ግን ምዕራፉ የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ ሌዋታንን በመንጠቆ ታወጣዋለህን? እንደ ወፍ ትጫወትበታለህን? ለሴቶች ልጆችህስ ታስረዋለህን? የሚጠበቀው መልስ «አልችልም» የሚል ነው። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብፃውያን አዞን የአሳማ ሥጋ በመንጠቆ ሰክተው፣ በወንዙ ዳር ግልገል አሳማ እየመቱ እያስጮኹ እንደሚያጠምዱት፣ አውጥተውም መጀመሪያ ዓይኑን በጭቃ እንደሚመርጉት ጽፏል፤ በሌላ የግብፅ አካባቢ ደግሞ አለምደው በጆሮው የወርቅ ጌጥ፣ በፊት እግሮቹ አምባር እንደሚያደርጉለት ይናገራል። ሌዋታን አዞ ከሆነ ማንኛውም የአባይ ዳር አጥማጅ «አዎን፣ አወጣዋለሁ» ብሎ ክርክሩን ባፈረሰው ነበር። አዞም ሲያነጥስ ብርሃን አይፈነጥቅም፣ ከአፍንጫውም እንደ ፈላ ድስት ጢስ አይወጣም። ገጣሚው ከአዞው ቆዳውን ወስዷል፤ እሳቱን የወሰደው ከጥንቱ ዘንዶ ነው። ሌዋታን ዳይኖሰር ነበር የሚለውን ክርክር እተወዋለሁ፤ ሰሌዳውም ብራናውም አያውቀውም።

በዚህ ምዕራፍ እግዚአብሔር አውሬውን አይገድለውም፣ እንደሚገድለውም አይናገርም። ያደንቀዋል። የቅርፊቱን መጋጠም ነፋስ እንኳ እንዳይገባበት አድርጎ ይገልጻል፣ ልቡ እንደ ታችኛው የወፍጮ ድንጋይ የጠነከረ ነው ይላል፣ ብረት ለእርሱ ገለባ፣ ናስ የነቀዘ እንጨት መሆኑን ይቆጥራል፤ ስለ ብልቶቹና ስለ ኃይሉ ዝም አልልም ብሎ ይጀምርና በትዕቢተኞች ሁሉ ላይ ንጉሥ ነው ብሎ ይጨርሳል። ይህ ለኢዮብ እንዴት መልስ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ልጆቹን ቀብሮ፣ በቁስል ተመትቶ አመድ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስለ ባሕር አውሬ ቅርፊት መንገር ምን ይረባዋል? እኔ ወደ ምዕራፍ 3 ተመልሼ አነብባለሁ። ኢዮብ ከሰባት ቀን ዝምታ በኋላ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ ቀንን መርገም የሚችሉ፣ ሌዋታንንም ማንቀሳቀስ የሚችሉ ያንን ሌሊት ይርገሙት ብሎ ነበር፤ አውሬው እንዲነሣና ብርሃኑን እንዲያጠፋለት፣ ቀኑ ከዓመቱ ቀኖች መካከል እንዲፋቅለት ፈልጎ። የጠራውን አውሬ በምዕራፍ 41 እግዚአብሔር ራሱ ያቀርብለታል። የቀረበው ሌዋታን ግን ብርሃን የሚያጠፋ አይደለም፦ ሲያነጥስ ብርሃን ያወጣል፣ ዓይኖቹ እንደ ንጋት ሽፋሽፍት ናቸው፣ በሄደበትም ባሕር ላይ መንገዱ ያበራል።